እጅ ያልነካው ቃል

መምህር እንድሪስ አበጋዝ የሰደቡኝ ግንቦት 10 ቀን 2051 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቦታው የእድራችን የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ቤት ነበር፤ እኔ ከበሩ በስተግራ፣ የትልልቆቹ ድስቶች መደርደሪያ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰላሳ አንድ ሰው ተሰብስቧል። ሌላው እጁን ሳያወጣ እያወራ እኔ እጄን አውጥቼ እስኪዝል ድረስ ተራዬን ጠበቅኩ።

ልል የነበረውን ዛሬም አልረሳሁትም። በዚያ ሳምንት ብቻ በሰፈራችን ሦስት የውሸት ለቅሶ በስልክ ተነግሮ ነበር። ያኔ ነገሩ ገና አዲስ ነው። ስልክህ ይጮሃል፣ የእህትህ ድምጽ «አባባ አረፈ» ይልሃል፣ ነጠላህን ሳታጣፋ ሮጠህ ትወጣለህ፣ አባትህ ቤት ስትደርስ ሰውዬው ቁጭ ብሎ ሹሮ እየበላ ነው። ስትመለስ ቤትህ ተዘርፏል። ድምጹ የእህትህ ነው፤ እህትህ ግን አልደወለችም። ይህን ነገር ሰው ጭምብል ይለው ጀመር። እኔ ደግሞ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ስለዚህ ልል ያሰብኩት «ስልኩን እንተወው፤ ለቅሶውንም ስብሰባውንም እኔ በእግሬ እየዞርኩ ለሰው በአካል ላድርስ» ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለበትም።

መምህር እንድሪስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና አዩኝ።

«ይመር፣ አንተን የቀጠርንህ እንድትለፍፍ እንጂ እንድታስብ አይደለም። በል ጥሩምባህን ይዘህ ውጣ፤ የምትለፍፈውን ስንጨርስ እንነግርሃለን።»

ሰው ሳቀ። ጎሚስታው ደምስ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ፤ የወርቅ ጥርሱ እስኪታይ። ወጣሁ። ውጭ ግድግዳ ተደግፌ አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ጠርተው የነገሩኝ የቆርቆሮ ጥገና ጉዳይ ነበር፤ ለፈፍኩላቸው።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። መጻፍ የለመድኩት የለቅሶ ማስታወቂያ በመገልበጥ ነው። የተማረ ሰው ይህን ሁሉ ቀንና ሰዓት ለምን ያዝክ ብሎ ይስቅብኝ ይሆናል። የተማረ ሰው ማስታወሻ ደብተር አለው፤ እኔ የምይዘው በጭንቅላቴ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2053፣ ጭምብል የእድሩን ሊቀመንበር ድምጽ ለብሶ አርባ ሁለት ሰው ጠራ። «ስለ መሬታችን አቤት ልንል ነው፣ ወደ አደባባዩ ኑ» ነበር ጥሪው። ሊቀመንበሩ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አደባባዩ ላይ መስኮት የሌላቸው መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። አርባ አንዱ በተለያየ ጊዜ ተመለሱ፤ አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ በዓመት። ያልተመለሰው ከማል እንድሪስ ነው፤ የመምህሩ አንድ ልጅ። ማን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የጠየቅነው መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ከኛ እንደሰማ ይናገራል።

ያን ጊዜ ነው እድሩ ደንቡን የለወጠው። አንቀጽ አስራ ሰባት ይባላል። ሰፈርን የሚመለከት ማናቸውም ቃል በስልክ አይነገርም፣ በበር ማነጋገሪያም አይነገርም፤ የእድሩ መልእክተኛ ከሊቀመንበሩ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ይቀበላል፣ ከየቤቱ ባለቤት ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ያደርሳል። እጅ ያልነካው ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ደንቡን ያረቀቁት መምህር እንድሪስ ናቸው። እኔ በ2051 እጄን አውጥቼ ልናገር የነበረውን በቁጥርና በአንቀጽ አሳምረው ጻፉት። ሲነበብ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን እንዲህ ሆነ። ስልክ የሚጮህበት ቤት አለ፤ የሚያነሳ ግን የለም። ሰው ስልኩን ለሰዓት ማያና ለመብራት ይይዘዋል እንጂ አያወራበትም። አረብ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ ትደውላለች፣ እናትየዋ አይታ ታስቀምጣለች። ልጅቱም ያው ሳታምን ነው የምትደውለው። ባል ከመሥሪያ ቤት «እመሻለሁ» ብሎ ቢደውል ሚስት እራቱን በሰዓቱ ታቀርባለች፤ ጭምብል ቢሆንስ። በየበሩ ያለው ማነጋገሪያም ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጭምብል በሱም ይገባል፤ በር ላይ ማንም ሳይቆም በሩ «እኔ ነኝ፣ ክፈቱ» ይላል። ምስሉም እንደዚያው ነው። ታች ሰፈር ያሉት እመት ሀዋ በየቀኑ ከሞተ ልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ጭምብል መሆኑን ያውቃሉ። «ምን ይሸጥልዎታል?» ብላቸው «ብርድ ልብስ» አሉኝ፤ ሁለት ገዝተዋል።

እኔ በዚህ ሁሉ መሀል እየዞርኩ እጅ የምጨብጥ ሰው ሆንኩ። ጥሩምባውን አስቀምጬዋለሁ። ለቅሶ ሲሆን ሰው እጄን ጨብጦ ያለቅሳል። የሰርግ ጥሪ ሲሆን እጄን ጨብጦ ይስቃል። ታዲያ ግባና ቁጭ በል የሚለኝ ቤት ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ? አራት ነው። ሰፈሩ ስልሳ ሦስት ቤት ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ሰፈራችን ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው፤ ስሙ ወይራ ስር ይባላል። ከበላያችን ያሉት ረጃጅም መስኮት አልባ ቤቶች ማሽን ቤቶች ናቸው፤ ሌት ተቀን የሚግሉ ኮምፒውተሮች የታጨቁባቸው። ውስጣቸው ሰው የለም። ደሴ ብርድ ስለሆነ መርጠዋታል ይባላል፤ ብርዱ ግን አልበቃቸውም፣ ውሃም ይጠጣሉ። በመጀመሪያ የወንዙን ጠጡ፣ ቀጥሎ የላይ ሰፈርን ጉድጓድ፤ በ2061 ጥቅምት ላይ የኛ ጉድጓድ ተራ ደረሰ። ወረቀት መጥቶ የጉድጓዱ ውሃ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት መዘውር ቤት በር ላይ ተለጠፈ፦ ጉድጓዱ ለማሽን ቤቶቹ የሚሰጥበት ርክክብ ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ሕጉ ለተቃውሞ አንዲት ቀዳዳ ትቷል። በወረቀት ወይም በስልክ የመጣ አቤቱታ አይቆጠርም፤ ጭምብልም ይፈርማላ። የሚቆጠረው በአካል የቆመ ሰው ነው። ከአንድ ሰፈር አርባ አባወራ ወይም እማወራ በተባለው ሰዓት መዘውር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ከተገኘ ርክክቡ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ሠላሳ ዘጠኝ ከሆነ አይታገድም። ላይ ሰፈር ሃያ ስድስት ሰው ነበር የወጣው። አሁን ላይ ሰፈር የሚኖረው ውሻ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት በፊት፣ የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ዘነበች ጠራችኝ። ሸማ ቋጭ ነበረች፤ ጣቶቿ ዛሬም እንደዚያው ናቸው፣ ክር እንደያዙ። ቁጭ በል ከሚሉኝ አራት ቤቶች አንዱ የሷ ነው። እጄን ያዘችና ሳትለቀው ተናገረች።

«ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዘውር ቤቱ ጋ። ቃሉ የኔ ነው። ይመርዬ፣ መጀመሪያ ጋሽ እንድሪስ ጋ ሂድ።»

«ለምን መጀመሪያ?»

«ለምን ትለኛለህ እንዴ? በጭምብል ልጁን ያጣ ሰው ከወጣ ማን ይቀራል? ሁሉም የሚጠይቅህ እሳቸውን ነው። እሳቸው ወጡ ከተባለ ሰፈሩ ይወጣል።»

«እሺ» አልኳት። ወጥቼ ግን ከታች ጀመርኩ። ለምን ከታች እንደጀመርኩ ብትጠይቁኝ ዳገቱን በኋላ ልውጣው ብዬ ነው የምላችሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም።

በየቤቱ ገባሁ። በየቤቱ አንድ ዓይነት ነገር ነው። እጄን ይይዛሉ፣ ቃሉን ይሰማሉ፣ ከዚያ፦

«ሌላውስ ሰው ይወጣል?»

የእድር መልእክተኛ የአንዱን ቤት ንግግር ለሌላው ቤት አያወራም፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ስለዚህ «የኔ ሥራ ማድረስ ነው» እላለሁ። እነሱም ፊቴን ያነቡታል። በዚያን ቀን ስንት ሰው ፊቴን እንዳነበበው አይቆጠርም። በሌላ ቀን ቀና ብለው የማያዩኝ ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ሊገቡ ደረሱ።

ጎሚስታው ደምስ ጎማ እየነፋ ነበር። ጥርሱን ሸጦታል፤ ቦታው ባዶ ነው።

«ጋሽ እንድሪስ ጨበጡህ?» አለኝ።

«ወደሳቸው እየሄድኩ ነው።»

«እሳቸው ከወጡ እኔ አለሁ። ካልወጡ ግን፣ ይመር፣ እኔ አምስት ልጅ አለኝ። ያን ጊዜ አደባባይ ከሄዱት አንዱ ነኝ እኮ። ሰባት ወር።» ጥቁር እጁን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ጨበጠኝ፤ ሁለት ጊዜ የጨበጠኝ እሱ ብቻ ነው።

እስከ አስር ሰዓት ስልሳ ሁለት ቤት ጨረስኩ። አምሳ አንዱ «እወጣለሁ» አለ። እኔ ያ ሁሉ ሰው በኔ እጅ ላይ ተያይዞ ሲቆም ታወቀኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ለፍፌ እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም።

የመምህር እንድሪስ ቤት ከሰፈሩ አናት፣ መንገዱ ወደ መዘውር ቤቱ ቁልቁል ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት ግራ ጎናቸውን መትቷቸው የብረት መደገፊያ ይዘው ነው የሚሄዱት። ደወሉን ተጫንኩ። የበሩ ማነጋገሪያ ተንቋቋ።

«ማነው?»

«ይመር ነኝ ጋሼ። የእድር ቃል ይዣለሁ።»

«ይመር ነህ? እግሬ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል፣ በሩን ልክፈትልህ። ግባና እጅህን ስጠኝ።» በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ድምጻቸው እንደገና መጣ፤ «እግርህን ጠርገህ ግባ።»

ይኸው ነው ያሉት። ቤቱ ምንጣፍ አለው፣ ሰውዬው በሽተኛ ናቸው፣ ማን ይጠርግላቸዋል። ይህን አሁን ስጽፍ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ስልሳ ሁለት ቤት ሰው ሆኜ ከርሜ እዚያ በር ላይ ስደርስ እንደገና የድስት መደርደሪያው አጠገብ ቆምኩ። ምንጣፋቸው ላይ ጭቃ የሚያመጣ እግር።

«ቸኩያለሁ ጋሼ» አልኩ። «ቃሉ ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መዘውር ቤቱ ጋ ነው።»

«እንዴ፣ ግባ እንጂ። እጅህን ሳትሰጠኝ?»

«ቸኩያለሁ አልኩ እኮ።»

ከዚያ ድምጻቸው ቀጠነ። «ይመር፣ ግባ።»

ሄድኩ። በሩ ከኋላዬ ክፍት እንደሆነ ነው የሄድኩት። ምን እንደጠበቅኩ ልንገራችሁ፦ እንዲልኩብኝ ነበር። ሰው ልከው «ይመርን ጥሩልኝ፣ ያለሱ እጅ አልወጣም» እንዲሉ። ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ መንገዱን አየሁ። ማንም አልመጣም። ጠዋት ያለ እጅም ቢሆን ይወጡ ይሆናል አልኩ፤ ድምጼን ያውቁታል፣ ሃያ ዓመት ሰምተውታል።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እኔና እትዬ ዘነበች መዘውር ቤቱ በር ላይ ነበርን። የሚቆጥረው ሹም ቀድሞን ደርሷል። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ትሁት ሰው ነው፤ ሁላችንንም «እንደምን አደራችሁ» አለን። አንድ ቴክኒሻን አብሮት አለ፤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። መኪና የለም፣ ወታደር የለም። ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህን የማነሳው በኋላ ሰው ብዙ ስላወራ ነው።

እትዬ ዘነበች ወደ ላይ መንገዱን ታያለች። ሰው መውረድ ጀመረ። ስድስት ሴቶች ከታች ሰፈር በአቋራጩ መጡ፤ እመት ሀዋም ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው። ቀጥሎ በዋናው መንገድ፣ ከአናቱ፣ ብዙ ሰው ታየ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ። እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዘች።

«አየህ» አለች። «አየህ ይመርዬ።»

ሰዎቹ መምህር እንድሪስ ቤት ጥግ ላይ ደረሱና ቆሙ።

ቆመው ቀሩ። ከዚህ ታች ምን እንደሆነ አይሰማም። ሰውዬው በሩ ላይ ናቸው፣ የብረት መደገፊያቸው በፀሐይ ያበራል፣ አንድ እጃቸውን እያወዛወዙ ያወራሉ።

«ምን እያሉ ነው?» አለች እትዬ ዘነበች። «ጨብጠሃቸዋል አይደል?»

«አድርሻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ሂድ፣ ምን እንደሆነ እይ። ቶሎ በል፣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረን።»

ዳገቱን ወጣሁ። ከጥጉ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ የአጥር ግድግዳ አለ፤ እዚያ ስደርስ ድምጻቸው ተሰማኝ። የመምህር ድምጽ ነው፣ የታመመም ሆኖ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል።

«እኔ ልንገራችሁ፣ ይመርን አሳምሬ አውቀዋለሁ» ይላሉ። «ሃያ ዓመት ይህን ሰፈር ዞሯል፣ ደንቡ ከወጣ ወዲህ አንድ ቤት እጅ ሳይሰጥ አልፎ አያውቅም። ዝናብ ላይ አይቼዋለሁ፣ ትኩሳት ይዞት አይቼዋለሁ። በዚህ ሰፈር አንድ የማይዋሽ ሰው ጥሩ ብትሉኝ ይመርን ነው የምጠራው። ትናንት በሬ ላይ የመጣው ድምጽ ግን በሩን ከፍቼለት፣ ግባ ብዬው፣ እጅ አልሰጥም ብሎ ሄደ። ይመር እንዲህ አያደርግም። ጭምብል ነው። ድምጹን ወስደውታል።»

«ለኛ ግን በእጁ ነው የነገረን» አለ አንድ ሰው።

«ለናንተ የመጣው እሱ ነው። ለኔ የመጣው እነሱ ናቸው። ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ያውቃሉ ማለት ነው። ያን ጊዜም ያውቁ ነበር።» ድምጻቸው ተሰበረ። «የኔ ልጅ በዚህ መንገድ ነው የወረደው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ የማንንም ልጅ ሁለተኛ አላሳልፍም። አትውረዱ። እለምናችኋለሁ።»

እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። ሃያ እርምጃ ነው። ወጥቼ «እኔ ነኝ፣ የትናንቱ እኔ ነበርኩ» ማለት ነው የቀረኝ። ከዚያ ይጠይቁኛል፤ ለምን እጅህን አልሰጠህም? ምን ልላቸው ነው? እግርህን ጠርገህ ግባ ስለተባልኩ? አንድ የማይዋሽ ሰው ይመር ነው ተብሎ ገና አየር ላይ ነው ቃሉ። በዕድሜዬ ሰው ፊት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ያንን ቃል ያሉትም እሳቸው ናቸው። የሚሰማ ሰውም ሠላሳ ምናምን ነው፤ ያኔ ከሳቁት ብዙዎቹ አሉበት። እዚያው ቆሜ ሰማሁት። ደጋግሜ ሰማሁት ብል ይሻላል።

ሰው መመለስ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው፤ ማንም አልሮጠም። አንዱ ዞረ፣ ያዩት ሁለቱ ዞሩ፣ ያዩዋቸው አምስቱ ዞሩ። ጎሚስታው ደምስ ብቻ ጥቂት እርምጃ ወደ ታች ወረደና አየኝ። መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ስጠኝ።» ጨበጥኩት። ለረጅም ጊዜ ያዘኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ተጫናቸው። «አንተ ነህ። እኔ ጋ የመጣኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እሳቸው ጋ የመጣው ሌላ ነው፣ አይደል?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

ፊቴን አየ። «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» አለኝ። «የሰውን ድምጽ ይሰርቃሉ፣ ምን ታደርጋለህ። ይመር፣ አንተም አትውረድ። ለዘነበች ንገራትና ተመለሱ።»

እሱም ዞሮ ሄደ።

ወረድኩ። እትዬ ዘነበች ሳትጠይቀኝ ገብቷታል። «አልሰሙህም?» አለችኝ። «አልሰሙኝም» አልኳት። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሹሙ እኛ ጋ መጥቶ ቆጠረን። ስድስቱ ሴቶች፣ እትዬ ዘነበች፣ እኔ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ከእንቅልፉ ዘግይቶ ተነስቶ ሲሮጥ የመጣ አናጢ፤ ከላይ የሆነውን ስላላወቀ ነው የመጣው። ሹሙ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። እትዬ ዘነበች «ትንሽ ይጠብቁን» አለችው። ሰዓቱን አሳያት። ቴክኒሻኑ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጭኑ ላይ አራግፎ ገባና መዘውሩን አዞረ። ሃያ ሁለት ዙር ነበር። እመት ሀዋ ከሹሙ ጋር «ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?» እያሉ ያወሩ ነበር፤ ገና ሦስት ሰዓት እንደሆነ ረስተውታል።

ቤት ስንመለስ ቧንቧው አየር ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ምንም።

መኪና አልነበረም ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። አያምኑኝም። «እናንተ ዘጠኝ ስለሆናችሁ ተዋችሁ እንጂ አርባ ብትሆኑ ይመጡ ነበር» ይላሉ። ይህ ወሬ ከቀን ወደ ቀን ጠነከረ። አሁን መኪኖቹን አየሁ የሚል ሰው አለ፤ ቀለማቸውንም ይናገራል።

የእድሩ ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ቆመ። ድምጼ ተወስዷል ስለተባለ በር ላይ ስቆም ማንም አይከፍትም። እጄን ብዘረጋም ይፈሩታል፤ ዛሬ ድምጽ ከወሰዱ ነገ እጅ የማይወስዱበት ምክንያት የለም ይላሉ። ሌላ ሰው መልእክተኛ ይሁን ተብሎ ተሞከረ። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ «አንተንስ ማን ላከህ?» ተባለ፣ ተመለሰ። ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ ቀብሩ ላይ አስራ አንድ ሰው ነበርን። ሌላው የሰማው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው፣ ሰምቶም አላመነም። የሟቹ ጎረቤት በሦስተኛው ሳምንት ሰላም ሊላቸው በር መትቷል።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በቦቴ ይመጣል። ማክሰኞና ዓርብ። ሰው በሩቅ በሩቅ ነው የሚሰለፈው፤ ጄሪካኑን ያስቀምጥና ራሱ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። በጥቅምት ስልሳ ሦስት የነበረው ቤት በሚያዝያ ሠላሳ አራት ደርሷል። እትዬ ዘነበች ወደ ወልድያ፣ ወደ እህቷ ሄዳለች። ስትሄድ ልትሰናበተኝ መጣች፤ በእጄ ላይ እጇን ጭና «ያንተ ድካም ነው የሚቆጨኝ» አለችኝ። እኔ ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ መኪናው አደረስኳት። መንገዱ ሁሉ የሚበቃ ጊዜ ነበር፤ አልነገርኳትም።

ባለፈው ዓርብ ቦቴው ዘግይቶ ሰልፉ ላይ ቆሜያለሁ። መምህር እንድሪስ በብረት መደገፊያቸው ዳገቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ከቤታቸው እስከዚያ ለጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ ነው፤ እሳቸው ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅባቸው አልቀረም። ጄሪካን አልያዙም። ሰልፉን አልፈው እኔ ጋ መጡ። ፊታቸው ከስቷል፣ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ በክር ተንጠልጥሏል።

«አቶ ይመር» አሉኝ።

እኚህ ሰው አቶ ብለውኝ አያውቁም። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ» አሉ፤ አንቱ አሉኝ። «ብዙ ወር አሰብኩት። መኪና አልነበረም የሚሉ ሰዎች አሉ። ዘነበችም ከመሄዷ በፊት ነግራኛለች፤ ሁለት ሰው ብቻ ነበር አለች። መኪና ከሌለ አያውቁም ነበር ማለት ነው። ካላወቁ ደግሞ ጭምብሉን ማን ላከው?»

ሰልፉ ላይ ያሉት ጆሯቸውን አቀኑ። ደምስም ነበረ፤ ግድግዳው ጋ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

«እኔ ሰው መልሻለሁ» አሉ። «በዚህ አፌ። ትክክል ከሆንኩ፣ ቢያንስ የሰው ልጅ አድኛለሁ ብዬ እተኛለሁ። ተሳስቼም ከሆነ ልወቀው፤ አስተማሪ ነኝ፣ ስህተትን እችለዋለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አለማወቁን ነው ያልቻልኩት። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ አንቱን ደግሞ አምናለሁ። የሚሉኝን እቀበላለሁ።» አንድ እጃቸውን ከብረቱ አንስተው ወደኔ ዘረጉት። «ያን ማክሰኞ በሬ ላይ የነበሩት አንቱ ነበሩ፣ ወይስ ጭምብል?»

ቦቴው ታች መታጠፊያው ላይ ብቅ ብሎ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሰው ወደ ጄሪካኑ ተንቀሳቀሰ። የተዘረጋውን እጅ አየሁት። ጥፍሩ ሥር የጠመኔ የሚመስል ነጭ ነገር አለ፤ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ኮፍያዬን አደረግኩ። ባዶ ጄሪካኔን ከሰልፉ አወጣሁና፣ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ በቦታዬ ስትገባ፣ ዳገቱን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።